ባሕር ላይ የቀረው ጥሪ

ሬሳው በወደቡ ክሊኒክ የኋላ ክፍል በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። እግሮቹ ከአልጋው አልፈው ወጥተዋል። ሟቹ ረጅምና ከሲታ ነበር፤ ሰፈሩም ወደቡም «ቀጮ» እያለ የሚጠራው ለዚሁ ነው። ትናንት ንጋት ላይ ከዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወደቀ፤ ከባሕር የወጣው ግን ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ጎረምሳ ውሃ ሲበላው ዝም ብሎ ማየት ሞትን ራሱን እንዴት አላሳፈረውም!

መርማሪዋ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናት፤ ግን አልለመደችውም፤ ለመድን የሚሉትንም አትወድም።

«ሰምጦ ነው አይደል ዶክተር?»

«አልሰመጠም» አለ ዶክተሩ እጁን እየታጠበ። «የነፍስ አድን ጃኬት ለብሶ ስለነበር ተንሳፏል። የገደለው ብርዱ ነው። ከወደቀ በኋላ ረጅም ሰዓት በሕይወት ቆይቷል።»

«ረጅም ሲሉኝ?»

«ፀሐይ ወጥታ፣ ከፍ ብላ፣ ምናልባት እኩለ ቀንም አልፎ። እስከዚያ ድረስ ይመጡልኛል ብሎ እየጠበቀ ነበር።»

መርማሪዋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንዲት አሮጊት ተነሥተው መንገዷን ዘጉ። የቀጮ እናት ናቸው። ዓይናቸው ደርቋል።

«የምትመረምሪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እናቴ። እግዜር ያጽናዎት።»

«ለቅሶውን በኋላ አለቅሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ደረታቸው ላይ የሰፉላቸው ዕቃ ሰው ሲወድቅ ይጠራል ብለውኝ ነበር። እኔ በዚያ ተማምኜ ነው ሁለቱንም ልጆቼን ባሕር የምለቃቸው። ልጄ ጠርቷል ወይስ አልጠራም? ጠርቶ ከሆነስ ማን ሰማው?»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ።»

«አሮጊት ናት ብለሽ እንዳትደብቂኝ።»

«አልደብቅዎትም።»

ይህን ቃል በመስጠቷ ቀኑ ሳያልፍ ተጸጸተች። ግን ቃል ሰጥታለች፤ ምን ይደረግ!

እናትየው ያሉትን ዕቃ የሠራችውን ቴክኒሺያን ከወደቡ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ወጣት ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ጠረጴዛዋ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ቢጫ ዕቃዎች ተከምረዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከየጀልባው እየመጡ ወርውረውላት ሄደዋል።

«‹ለቀጮ ያልጮኸ ለእኛ ይጮሃል?› አሉኝ» አለች ቴክኒሺያኗ። «የወደቡ ኃላፊም ከሁሉም ጀልባ ይነሣ ብሏል። ሰው ገደልኩ ማለት ነው እትዬ?»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው አስረጂኝ። እኔ ስልኬን እንኳ የምታስተካክልልኝ የእህቴ ልጅ ናት።»

ቴክኒሺያኗ አፍንጫዋን ጠረገችና አንዱን ዕቃ አነሣች። «‹ጠሪ› እንለዋለን። ጃኬቱ ደረት ላይ ይሰፋል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይነቃና ወደ ጀልባው ይጠራል። የጀልባው መሪ ያለበት ክፍል ውስጥ የተተከለው ስክሪን ይጮሃል፤ የባለጃኬቱን ስምና ያለበትን ቦታ ያሳያል። ስክሪኑ ሥር ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ ‹ፈልግ› ይላል፣ አንዱ ‹ሐሰት›።»

«ሐሰቱ ምን ይሠራል?»

«ጃኬት በማዕበል ሲርስ አንዳንዴ ማንም ሳይወድቅ ይጮሃል። ያኔ ‹ሐሰት›ን ይጫናሉ። ስክሪኑ ዝም ይላል፤ ያንን ጃኬት ከዚያ በኋላ አይሰማውም።»

«ጨርሶ?»

«ስክሪኑን አጥፍተው እስኪያበሩት ድረስ። ሲበራ እንደ አዲስ ይሰማል፤ የቀድሞውን ግን ሁሉ ይረሳል።»

መርማሪዋ ከያዘችው ከረጢት አንድ ጃኬት አወጣች። ከሟቹ ዕቃ ጋር የተረከበችው ነው፤ አንገትጌው ውስጥ «ቀጮ» ተብሎ ተጽፏል። ቴክኒሺያኗ ሳፋ ውሃ አምጥታ፣ ለሙከራ ያስቀመጠችውን ስክሪን አበራችና ጃኬቱን ነከረችው።

ስክሪኑ ጮኸ። ክፍሉ ተናጋ፤ ደጅ ላይ የነበሩ ሰዎች ዘወር ብለው አዩ። «ቀጮ» የሚል ስም ቀይ ሆኖ መጣ።

«ይሠራል!» አለች ቴክኒሺያኗ፤ ያን ጊዜ ለቅሶዋ ገነፈለ። «እትዬ፣ ይኸው ይሠራል! ታዲያ ለምን አልጠራም?»

«እሱን ነው የምንጠይቀው» አለች መርማሪዋ። «ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ አልቆ ነበር። አሁን ገና ጀመረ።»

ጀልባዋ ወደቡ ላይ ታስራ ትወዛወዛለች። መርማሪዋን የታሰረ ጀልባ እንኳ ያጥወለውላታል፤ ዝንጅብል እያኘከች ወጣች። ካፒቴኑ ይህን አይቶ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅባት ነበር። ዛሬ ግን ፊቱ አመድ መስሏል። የመሪው ክፍል ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰው ተጣብቆ ነው የሚቆምበት፤ መሪው፣ ስክሪኑ፣ ከኋላ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለ የካፒቴኑ አልጋ።

«ንጋት ላይ መሪውን ማን ይዞ ነበር?»

«ግንዶ። የሟቹ ታላቅ ወንድም። መሐል ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲወርድ ሞተረኛው ያዘለት፤ ኋላ ራሱ ተመልሶ ተቀበለው። እኔ እዚህ መጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ነበር። ቀጮ ደግሞ ጀልባዋ ጀርባ ላይ ብቻውን መረብ ይጠብቃል።»

«ይህ ስክሪን አልጮኸም?»

ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ። መስኮቱን አየ። ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

«አንዴ ‹ጢጥ› ብሎ ተቋረጠ። በእንቅልፍ ልቤ ነው የሰማሁት። ቀና አላልኩም።»

«ለምን ካፒቴን?»

«ሁልጊዜ ይጮሃላ! አንዲት ማዕበል ስትረጨው ይጮሃል። ‹የዚህን ጩኸታም አፍ ዝጉልኝ› እያልኩ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ያን ጊዜ መሪው ላይ የነበረው ግንዶ ነው ወይስ ሞተረኛው?»

«መጋረጃው ተዘግቷል። አላየሁም። ሁለቱም ምንም አልሰማንም ይላሉ።»

ሞተረኛውን ታች ሞተሩ አጠገብ አገኘችው። ሸበቶ ነው፤ እጁ ዘይት ጠግቧል። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ቀጮን አልወደውም ነበር። ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ልጄን አገባታለሁ ብሎ፣ አስጠብቆ አስጠብቆ ተዋት። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ተያይዘን ነበር፤ ግንዶ ነው የገላገለን። ግን ሞቱን እመኛለሁ? ልጄ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

«መጥፋቱን ማን አወቀ?»

«እኔ። ቱቦ እንዲይዝልኝ ብጠራው ብጠራው የለም። ግንዶ ሮጦ ወርዶ የጃኬት ማንጠልጠያውን አይቶ መጣና ‹ጃኬቱን ለብሷል› አለን። ጀልባዋን አዙረን በመጣንበት ተመለስን። ባሕሩ ግን ወደ ጎን ወስዶታል። ዓይናችን እስኪፈስ ፈለግን። ስክሪኑም ዝም። በአጋጣሚ ነው ያገኘነው፤ ያኔ አልቆለታል። ግንዶ ዘሎ ገብቶ አቅፎ አወጣው። ‹ማንም እንዳይነካብኝ› ብሎ ብቻውን ክፍል ይዞት ገባ፤ የረጠበውን አወለቀለት፣ ብርድ ልብስ አለበሰው። ወንድም ነው፤ ማን ይከለክለዋል?»

«ጃኬት የምትለብሱት ሁላችሁም የየራሳችሁን ነው?»

ሞተረኛው ባያዝን ኖሮ ሊስቅ ነበር። «ሕጉማ እንደዚያ ነው። እኛ ግን ከፈረቃ የሚወርደው የረጠበውን ይሰቅላል፣ የሚወጣው የደረቀውን ያነሣል። የረጠበ ከለበሱ ያ ነገር ይጮሃል፤ እሱ ሲጮህ ካፒቴኑ ይጮሃል። ሁለት ጩኸት ማን ይችላል?»

ማንጠልጠያዎቹ ከደረጃው ሥር ናቸው። መርማሪዋ «ግንዶ» የሚለውን ጃኬት አወረደች። ገና እርጥብ ነው። ለበሰችው። የወገቡን ማሰሪያ ሳበችው፤ አልደረሰላትም። ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም እምቢ አለ። አብሯት የመጣው ፖሊስ ሳቁን ዋጠ።

«ሳቅ ሳቅ። መብል እወዳለሁ፤ ማን አልወድም አለ?» አለችና ጃኬቱን ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው።

ግንዶ ጀልባዋ ጀርባ ላይ፣ ወንድሙ በወደቀበት በኩል መረብ ላይ ተቀምጧል። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፤ ትከሻው በር ይዘጋል። መርማሪዋ አጠገቡ ስትቀመጥ ቀና ብሎ አላያትም።

«ወንድምህን አንተ ነህ ባሕር ያስለመድከው?»

«እኔ ነኝ። አባታችን ቀድሞ ሞተ። ዋና ያስተማርኩት፣ መረብ ያስያዝኩት፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«ጥሪ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። ዕቃው የማይረባ ነው። ያቺ ልጅ ናት የገደለችው።»

«ጃኬትህ ርሷል።»

«ወንድሜን ላወጣ ስዘል ለብሼው ነበር።»

«አጥብቀህ ታጥቀኸው?»

«አጥብቄ ነዋ፣ ባሕር ነው እኮ!» አለ። ድምፁ ተሰበረ። መርማሪዋ ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ተነሣች። እውነት ለመናገር አንጀቷን በልቷት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጀልባዋ መመገቢያ ክፍል ተሰበሰቡ። ካፒቴኑ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሞተረኛውና ግንዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ እናትየው ከግንዶ ጎን ሆነው የልጃቸውን እጅ ይዘዋል። ቴክኒሺያኗ ሳፋውንና የሙከራ ስክሪኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋለች። ፖሊሱ ደጅ ነው።

«እናቴ» አለች መርማሪዋ፣ «እዚህ ባይኖሩ እመርጥ ነበር።»

«ቃል ሰጥተሽኛል።»

«ሰጥቻለሁ።» ወደ ሁሉም ዞረች። «ይህ የቀጮ ጃኬት ነው። ከሟቹ ገላ ላይ ወለቀ ተብሎ የተሰጠኝ። ጠዋት ውሃ ውስጥ ስንነክረው ጮኸ። ንከሪው ልጄ።»

ስክሪኑ ጮኸ። እናትየው ደነገጡ፤ «ቀጮ» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ አፍጥጠው አዩ።

«ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ የዋለ ዕቃ ባትሪው እንዲህ ሙሉ ሊሆን ይችላል?»

«አይችልም» አለች ቴክኒሺያኗ። ግራ ገብቷት ጃኬቱን አገላበጠች። «ይሄ... ይሄ ትናንት ጨርሶ አልጠራም።»

«አሁን ይህንን ንከሪ።» የግንዶን ጃኬት ሰጠቻት።

ጃኬቱ ሳፋው ውስጥ ገባ። ሁሉም ጆሮውን አቀና። ምንም የለም። ቴክኒሺያኗ ዕቃውን ፈልቅቃ ከፈተችው።

«ባትሪው አልቋል። ግን በቀደም ነው በአዲስ የቀየርኩት! ይህ የሚያልቀው...»

«ጨርሺው።»

«ቀኑን ሙሉ ከጠራ ነው። አልተበላሸም እትዬ። ሲጠራ ውሎ ነው የደከመው።»

መርማሪዋ የጃኬቱን ማሰሪያ ከፍ አድርጋ ያዘች። «ግንዶ፣ ይህን አጥብቄ ታጥቄ ዘለልኩ ብለኸኛል። ና እስቲ አሁን ታጠቀው።»

ግንዶ አልተንቀሳቀሰም። እናትየው ግን የልጃቸውን እጅ ለቀቁና ማሰሪያውን ተቀብለው በጣታቸው ለኩት።

«ይህ የታናሹ ወገብ ነው» አሉ። «ሱሪውን የማጠብብለት እኔ ነኝ።»

«ነው እናቴ። ቀጮ ፈረቃው ሲደርስ የራሱ ጃኬት ረጥቦ ነበር። እናንተ ሁላችሁ እንደምታደርጉት የደረቀውን አነሣ፤ የወንድሙን። በወገቡ ልክ አጠበበው፣ ለበሰው፣ ወደቀ። ጠሪው ነቃና ጠራ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ስም ግን ‹ቀጮ› አልነበረም። ‹ግንዶ› ነው የመጣው።»

«የኔ ጌታ!» አለ ካፒቴኑ።

«ካፒቴን፣ ‹ጢጥ› ብሎ ሲቋረጥ ሰምተዋል። አንድ ሰው ‹ሐሰት›ን ተጫነ። መሪው ላይ በየተራ የነበሩት ሁለት ናቸው። ሞተረኛው ቀጮን ይጠላ ነበር፤ ራሱ ነግሮኛል። ግን ያየው የጠላውን ሰው ስም አይደለም፤ የወዳጁን ነው። እስቲ እርስዎ ሞተረኛው፣ ሻይ ሊጠጣ የወረደው ጓደኛዎ ስም በቀይ ቢመጣብዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

«እየጮኽኩ እወርዳለኋ!» አለ ሞተረኛው። «ምን ጥያቄ አለው!»

«ማንም ቢሆን ይወርዳል። ‹ግንዶ ወደቀ› ሲባል ቅንድቡን ሳያነሣ ጥሪውን የሚዘጋ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ደረቅ ሆኖ መሪው ላይ የቆመው ራሱ ግንዶ።»

ግንዶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ጃኬቴ ማንጠልጠያው ላይ መስሎኝ ነው! እዚያው ተሰቅሎ የሚጮህ መስሎኝ...»

«አውቃለሁ። እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው፤ ካፒቴኑም አለበት፣ ሁላችሁም አለባችሁ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ፖሊስ አላመጣም ነበር። ግን ቀጮ ጠፋ ሲባል ወርደህ ማንጠልጠያውን አየህ። የወንድምህ ጃኬት ተሰቅሏል፤ ያንተ የለም። ያን ጊዜ ምን ሆነ?»

«ገባኝ» አለ ግንዶ።

«ምን አደረግክ?»

«ጃኬቱን አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ወጣሁ። የመሪው ክፍል ገባሁ። እጄ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ አጥፍቼ ላበራው ነበር እማዬ፣ በእግዜር! ካፒቴኑ አጠገቤ ቆሟል። ‹የወንድሙን ጥሪ የዘጋ› ሊሉኝ ነው አልኩ። ወደ ኋላ ስንመለስ እናገኘዋለን አልኩ። አሁን እናገኘዋለን፣ አሁን እናገኘዋለን... ፀሐይ ወጣች። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ መጣ። ሳገኘው ዓይኑ ክፍት ነበር። ጃኬቶቹን ያን ጊዜ ለዋወጥኳቸው።»

ሞተረኛው ከግንዶ ጎን ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። ካፒቴኑ ያለቅሳል። ቴክኒሺያኗ ነፃ መውጣቷ ነው፤ ግን ደስታ ከየት ይምጣ፤ የሞተውን ዕቃ ደረቷ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች።

«ልጄ» አሏት እናትየው፤ «አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነበር?»

ቴክኒሺያኗ መርማሪዋን አየቻት። መርማሪዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አዎ እማማ።»

«ያለበትን ያሳየው ነበር?»

«ያሳየው ነበር።»

እናትየው ወደ ትልቁ ልጃቸው ዞሩ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ለሁሉም ይሻል ነበር።

«የመጣው የማን ስም ነበር?»

«የኔ።»

«የሰማውስ ማን ነው?»

«እኔ ብቻ።»

«እኔ ሌላ ሰው ነው የገደለው ብዬ ልረግም ነበር የመጣሁት» አሉ። «አሁን ማንን ልርገም?»

ግንዶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ እግራቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እናትየው እግራቸውን ሳብ አደረጉ። እጁ ባዶ ወለል ላይ ቀረ። መርማሪዋ ብዙ ጥፋተኛ ይዛለች፤ እንዲህ ያለውን ግን ዓይኗ ማየት አልቻለም፤ ፊቷን አዙራ ፖሊሱን ጠራችው።

ፖሊሱ ገብቶ የግንዶን ክንድ ያዘ። ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተነሣ። ካናቴራ ብቻ ነው የለበሰው፤ በሩ ሲከፈት የባሕሩ ንፋስ ክፍሉን ሞላው።

«ቆይ» አሉ እናትየው።

ሁሉም ቆመ። ግንዶ ዞረ። ይቅር የሚሉት መሰለው፤ ፊቱ ላይ ተስፋ መጣ። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም፤ የሚያናግሩት ፖሊሱን ነው።

«አንድ ነገር ደርብለት» አሉ። «ውጭ ብርድ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።